አትክልት በጨርቅ ከረጢት፦ ከረጢቱ ርካሽ ነው፣ ስለ ውሃው እናውራ

በጨርቅ ከረጢት አትክልት መትከል የጀመርኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው። ደህና የፕላስቲክ መትከያ ዋጋው ይከብዳል። ሸክላው ይሰበራል። የእንጨት ሳጥን አናጺ ይፈልጋል። ጨርቁ ግን ሥራ ሲያልቅ ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ሁሉም ፊቴ ቢደረደሩ ጨርቁን ነው የማነሳው። አሁን ግን ምክንያቴ ዋጋው ሳይሆን ሥሩ ነው።

ደስ የሚለውን ከማውራቴ በፊት ቁርጡን ልንገራችሁ። ከረጢቱ ላይ ያተረፋችሁትን በውሃ ትከፍሉታላችሁ። ይህን አውቆ የገባ ሰው ይሳካለታል። ሳያውቅ የገባ የመጀመሪያው ሙቀት ሲመጣ «ይሄ ነገር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ስለ መጠን፣ ስለ አፈርና ስለ ቦታ የምላችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ውሃ ጋ ይመጣል።

መጀመሪያ ሥሩን እንይ። ፕላስቲክ መትከያ ውስጥ የቆየ ተክል ነቅላችሁ ታውቃላችሁ? ሥሩ ግድግዳውን እስኪነካ ይሄዳል። መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ሲቆይ የመትከያውን ቅርጽ ይዞ ይጠመጠማል። ጨርቅ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። የሥሩ ጫፍ ጨርቁ ጋ ሲደርስ ደረቅ አየር ያገኘዋል። ጫፉ ይደርቅና እድገቱ እዚያው ይቆማል። ያን ጊዜ ተክሉ ከኋላ ሌሎች ቅርንጫፍ ሥሮች ያወጣል። እነሱም ጨርቁ ጋ ሲደርሱ እንዲሁ ይሆናሉ። በመጨረሻ ከረጢቱ ከዳር እስከ መሃል በቀጫጭን ሥሮች ይሞላል። ውሃና ምግብ የሚመጥጡት ደግሞ እነዚህ ቀጫጭኖቹ ናቸው። መቀስ የለ፣ ድካም የለ፤ አየሩ ራሱ ሥሩን ይገርዝላችኋል።

ሁለተኛው ጥቅም ቅዝቃዜው ነው። ፀሐይ የምታገኘው ጥቁር ፕላስቲክ ውስጡ ያለውን ሥር ክፉኛ ያሞቀዋል። ከጨርቁ ጎን ግን እርጥበት ሲተን ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል። በዚያ ላይ እጃችሁ በዝቶ ውሃ ብታበዙ እንኳ ትርፉ በየአቅጣጫው ይወጣል። ሥር በውሃ ታፍኖ የመበስበሱ ነገር ብዙም አያሰጋም።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። እነዚህ ጥቅሞች ሁሉ የመጡት ጨርቁ አየር ስለሚያሳልፍ ነው። አየር የሚያሳልፍ ነገር እርጥበትም ያስወጣል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

ጨርቅ ሲባል ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለአትክልት ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ያልተሸመነ ነው። ክሮቹ ተጠቅጥቀው ተያይዘው የተሠራ፣ ብዙ ጊዜም ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ከሚባሉ የፕላስቲክ ዓይነቶች። ውፍረቱ የሚለካው አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ግራም ይመዝናል ተብሎ ነው። ዕቃ የምንገዛባቸው ስስ ያልተሸመኑ ከረጢቶች 80 ግራም አካባቢ ናቸው። ለአትክልት የሚሠሩት ደህናዎቹ 200 እና 300 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናሉ።

እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ስሱን የዕቃ መያዣ ለሰላጣና ለቆስጣ አደርገዋለሁ። አንድ ወቅት ካገለገለኝ ሌላ አልጠብቅበትም። ወፍራሙ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለድንች ነው። ስሱ ላይ ቲማቲም መትከል የማልወደው ለምን መሰላችሁ? የፖሊፕሮፒሊን ጠላቱ ፀሐይ ነው። ከጨረር የሚከላከል ነገር ካልተጨመረበት ክሩ እየደረቀ ሄዶ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ቲማቲሙ ፍሬ በያዘበት ሰዓት ከረጢቱ ተቀዶ እርጥብ አፈር ወለሉ ላይ ቢዘረገፍ የሚያሳዝነው አፈሩ አይደለም።

እህል የሚያዝበት የተሸመነ ነጭ ከረጢትም ያው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ጠንካራ ነው፣ ብዙ ጊዜም በነጻ ይገኛል። አንዳንዱ ግን ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ያኛው ከታችና ከጎን ካልተበሳ ውሃ ያቁራል። ጆንያና የጥጥ ጨርቅም ይሆናሉ፤ ብቻ ይበሰብሳሉ። እርጥብ አፈር የያዘ ጆንያ በአንድ ሁለት ወቅት ውስጥ ታቹ አልቆ ታገኙታላችሁ። ፕላስቲክ ለማይወድ ሰው ግን ይህ ጥሩ ጎን አለው፤ ያለቀው ጆንያ ኮምፖስት ክምር ውስጥ መግባት ይችላል።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ፀረ ተባይ፣ ኬሚካል ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ከረጢት ውስጥ የሚበላ ነገር አይተከልም። «አጥቤዋለሁ» አይሠራም። ምን እንደያዘ የማታውቁትንም እለፉት።

ስትገዙ ቀለሙንና ሥዕሉን ትታችሁ ስፌቱን እዩ። በኢንተርኔት አዝዤ ያስመጣሁት አንድ ጥቅል ከረጢት ነበር፣ ፎቶው ላይ ያማረ። አፈር ሞልቼ በእጀታው ላነሳው ስል እጀታው ስፌቱን ይዞ ብቻውን መጣ። ጥሩ እጀታ ከረጢቱ ጎን ላይ ወደ ታች ወርዶ የተሰፋ ነው። ጠርዙ ላይ ብቻ የተቀጠለው ጌጥ ነው። ራሳችሁ መስፋት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከባድ አይደለም። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላለው ክብ ከረጢት 97 በ33 የሆነ አንድ ቁራጭና 33 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክብ ይበቃል። ዙሪያው ስፋቱ በ3.14 ሲባዛ ነው፤ የቀረው ለስፌት የተተወ ነው። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር እርጥብ አፈር ላይ ከጨርቁ ቀድሞ ይበሰብሳል።

አሁን ወደ መጠን እንምጣ። የሚሸጡት ብዙ ጊዜ በጋሎን ይጻፍባቸዋል። 1 ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ጋሎን የሚለው 19 ሊትር፣ 10 ጋሎን የሚለው 38 ሊትር ይይዛል። ከላይ የሰፋነው ከረጢት 21 ሊትር ገደማ ነው። ቁመቱን ሳትነኩ ስፋቱን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ብታሳድጉት ወደ 38 ሊትር ይጠጋል። ስፋት ትንሽ ሲጨምር አፈሩ በብዙ ይጨምራል።

ይህ ለውሃው ወሳኝ ነው። ትንሽ ከረጢት ካለው አፈር አንጻር ለአየር የተጋለጠው ጎኑ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። ትልቁ ቀስ ይላል። ጀማሪ የሆነ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ የምለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ብዙ ትንንሽ ከምትሞላ ጥቂት ትልልቅ ሙላ። አጭር ዝርያ ቲማቲም በ20 ሊትር ይኖራል። እየወጣ የሚሄደው ረጅሙ ግን 40 ሊትር ቢያገኝ ነው ደስ የሚለው። ለአንድ ቃሪያ ከ12 እስከ 20 ሊትር እሰጣለሁ። ሰላጣ ጥልቀት አይፈልግም፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ይበቃዋል፤ ስፋት ግን ይወዳል። ካሮት 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ለስላሳ አፈር ካላገኘ ይጣመማል።

አፈሩ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ከጓሮ ቆፍሮ መሙላት። መሬት ላይ ያማረ አፈር ከረጢት ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው። ውሃ በየቀኑ ሲፈስበት ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱ ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። እኔ የምጠቀመው በመጠን አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አየር የሚያስገባ ነገር ነው። ሦስተኛው የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ፣ የሩዝ ገለባ፣ ፐርላይት የሚባለው ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ ወይም ሻከር ያለ አሸዋ ሊሆን ይችላል። አሸዋው ይከብዳል፤ ሰገነት ላይ ከሆናችሁ ተዉት። ኮኮናቱ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ለጨርቅ ከረጢት ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ስትገዙት ደረቅ ጡብ ሆኖ ስለሚመጣ በውሃ ዘፍዝፋችሁ እስኪፍታታ ጠብቁ።

ኮምፖስቱ የበሰለ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው። የበሰለ ኮምፖስት የአፈር ሽታ አለው፣ ከምን እንደተሠራም አያስታውቅም። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ጀርምም ይዞ ይመጣል። ትኩስ ፍግ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለና አፈሩን የሚነካ አትክልት ከተተከለ፣ እስከሚለቀም ቢያንስ 120 ቀን መቆየት አለበት። ሰላጣ ደግሞ ይህን ያህል አይቆይም። ስለዚህ አለመጨመር ነው።

ከታች ጠጠር መደርደርንም ተዉት። ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ተብሎ ነው የሚደረገው፣ ግን አይረዳም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም። አፈሩ እስኪጠግብ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ትርፉ የአፈሩን ቦታ መሻማት ነው። የጨርቅ ከረጢት ደግሞ ከመጀመሪያውም የማፍሰስ ችግር የለበትም።

ከረጢቱን ስትሞሉ እየጨመራችሁ እያረጠባችሁ ሂዱ። ደረቅ ድብልቅ ሞልቶ ከላይ ውሃ ማፍሰስ ከንቱ ነው። የደረቀ ኮምፖስትና ኮኮናት ውሃ አይቀበልም፤ ውሃው በዳር በዳር ወርዶ ጨርቁን ያርሳል፣ መሃሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ከመሙላታችሁ በፊት ከረጢቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። 40 ሊትር እርጥብ አፈር 40 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ብቻዬን አዛውረዋለሁ ማለት አያዋጣም። እየጎተቱ ሲወስዱት ደግሞ ከረጢቱ ቅርጹን ይስታል፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮችም ይበጠሳሉ። በረንዳ ወይም ጣሪያ ላይ ብዙ የምትደረድሩ ከሆነ የከረጢቶቹን ክብደት ደምሩና ሕንፃው የሚችለውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማከሩ። ከመሃል ይልቅ ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ይሻላል።

ቦታ ሲባል ፀሐይ ነው። ፍሬ የሚሰጡት፣ እነ ቲማቲምና ቃሪያ፣ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ርዝመት ያለው ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ቅጠላ ቅጠሉ የ3 ወይም የ4 ሰዓት ፀሐይ ብቻ ቢያገኝም ይኖራል። ግን እኔ የተገነዘብኩት ነገር አለ፦ ፀሐዩ የሚያስፈልገው ቅጠሉን እንጂ ከረጢቱን አይደለም። ስለዚህ የቲማቲሙን ከረጢቶች ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ሰላጣዎች ከፊት አደርጋለሁ። ፊት ያሉት የኋላዎቹን ጨርቅ ያጠልሉታል። ከረጢቶቹን ተጠጋግተው ስታስቀምጧቸውም እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። ብቻውን ነፋስ ላይ የቆመ ከረጢት ከየአቅጣጫው ይደርቃል፤ ተሰብስበው የቆሙት መሃል ያለው ግን እስከ ማግስቱ እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ከታቹ ሁለት ጡብ ወይም ጣውላ አድርጉለት። ውሃው እንደልቡ ይወርዳል፣ ወለሉም ቡናማ አይሆንም። ፎቅ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከታች ሳህን አትርሱ። የኮምፖስት ውሃ የጎረቤት ልብስ ማድረቂያ ላይ ሲንጠባጠብ ወዳጅነት ይበላሻል። ባዶ መሬት ላይ የተቀመጠ ከረጢት ሥሩ ታቹን ሰንጥቆ መሬት ውስጥ ይገባል። ለውሃ ይረዳዋል፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እንግዲህ ዋናው ላይ ደረስን።

ውሃ የማጠጣው በሰዓት አይደለም፣ በጣት ነው። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገባለሁ። እርጥብ ከሆነ እተወዋለሁ፣ ደረቅ ከሆነ አጠጣለሁ። ከላይ ብቻ ዓይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ የላዩ ደርቆ ከታች ጭቃ ሊሆን ይችላል። ትንንሾቹን ከረጢቶች ከሥር ትንሽ ከፍ አድርጌ ክብደታቸውን እሞክራለሁ። እጅ ቶሎ ይለምደዋል፣ በኋላ ጣት ማስገባትም አያስፈልግም። በሞቃት ወቅት ይህ ማለት በየቀኑ ማጠጣት ነው። ተክሉ ትልቅ፣ ከረጢቱ ትንሽ ከሆነ ጠዋትና ማታ። ሙሉ ያደገ ቲማቲም በአንድ ሞቃት ቀን ከ2 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ከረጢቱን ያሳድግ ወይም የተክሉን ቁጥር ይቀንስ።

አጠጣጡ ራሱ ዘዴ አለው። አንዴ ገልብጦ መሄድ ውሃውን በጎን ያስወጣዋል። መጀመሪያ በስሱ አርጥቡ። ሌሎቹን ስታዳርሱ ያ ላይኛው አፈር ይለሰልሳል። ከዚያ ተመልሳችሁ በደንብ አጠጡ። ሁለተኛው ዙር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚጠቀምበት።

ከረጢት ጨርሶ ደርቆ አፈሩ ከጨርቁ ከተላቀቀ ከላይ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ከረጢቱን እዚያ አስቀምጡት። ጨርቁ ከታች ወደ ላይ ይስባል። ላዩ እርጥብ ሲሆን አውጡት። ይህንኑ ነገር በሙቀት ወቅት ለዘወትር እጠቀምበታለሁ፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሳህን ከሥር አደርግና የወረደው ውሃ ተመልሶ እንዲሳብ እተወዋለሁ። ሳህኑ ውስጥ ውሃ ለቀናት እንዲቆም ግን አይፈቀድለትም። ሥሩ ይታፈናል፣ ትንኝም ይራባበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ጉዝጓዝ ነው። አፈሩ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ደረቅ ሣር፣ ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል ማልበስ። ከግንዱ ትንሽ ራቅ ይበል፣ ግንዱን እንዳያበሰብስ። ይህ ከላይ የሚተነውን ያስቀራል። የጎኑን ለመቀነስ አንዳንድ ሰዎች ከረጢቱን ውስጡን በፕላስቲክ ይለብጡታል። አልወደውም። ዙሪያውን ከለበጣችሁት የፕላስቲክ መትከያ ገዛችሁ ማለት ነው፤ ሥሩ መዞሩን ይጀምራል። የግድ ከሆነ የታችኛውን ሲሶ ብቻ ለብጡና ታቹን ብሱት። ስስ ከረጢት ካላችሁ አንዱን በሌላው ውስጥ መክተት የተሻለ ነው፣ አየሩም አይቋረጥም።

ውሃ አንድ ቀን ጎርፍ፣ ሦስት ቀን ድርቅ ሲሆን ቲማቲም ወዲያው ይናገራል። የፍሬው ታች ጠቁሮ፣ ሰርጎድ ብሎ፣ እንደ ቆዳ ይደርቃል። ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጫል። በሽታ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ነው፣ ውሃው ሲቆራረጥ ፍሬው ይጎድልበታል። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ እንኳ ይህ ይከሰታል። የተበላሸውን ፍሬ ቆርጣችሁ ጣሉና ውሃውን አስተካክሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬ ይስተካከላል።

ጨርቁ ላይ ከጊዜ በኋላ ነጭ ነገር ታያላችሁ። ሻጋታ መስሏችሁ አትደንግጡ። ውሃውና ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ጨው ነው። ውሃው በጨርቁ ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል። ጥቂት ከሆነ ምንም አይደለም፣ በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል። እየበዛ የቅጠሉ ጠርዝ መቃጠል ከጀመረ ግን ማዳበሪያ አብዝታችኋል ማለት ነው። ማዳበሪያውን አቁሙና ከታች እስኪወርድ ድረስ ደጋግማችሁ ንጹህ ውሃ አፍስሱበት። አረንጓዴ ከሆነ አልጌ ነው፤ እርጥበቱና ብርሃኑ ያመጣው ነው፣ ተክሉን አይጎዳውም።

ብዙ የሚጠጣ ከረጢት ቶሎ ይራባልም። በየቀኑ የሚወርደው ውሃ ምግቡን ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ የገባው ኮምፖስት ለጥቂት ሳምንታት ይበቃል፣ ከዚያ ተክሉ መለመን ይጀምራል። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን አንሷል። እኔ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጌ ሁለት ጣት ያህል ኮምፖስት እደርባለሁ፣ መልሼ እሸፍናለሁ። አፈሩ እየወረደ ስለሚሄድ ለዚያም መሙያ ይሆናል። ፈሳሽ ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ዕቃው ላይ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥናችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡ። አፈሩ ደረቅ እያለ ግን አይሰጥም።

ምን ልትከል? ሰላጣና ቆስጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ናቸው። ቶሎ ይደርሳሉ፣ ዳር ዳሩን ቅጠል እየቀነጠባችሁ መሃሉን ብትተዉት መልሶ ያወጣል። ካሮት ችግኝ አይወድም፣ ዘሩን እዚያው ዝሩና ሲበቅል በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዲቀር አሳሱት። ማሳሳት የሚጨክን ልብ ይፈልጋል። ቲማቲም ስትተክሉ የታችኛውን ቅጠል አንሱና ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ከተቀበረው ግንድ ላይ አዲስ ሥር ያወጣል። ድጋፉን ያን ዕለቱን አዘጋጁ። እዚህ ላይ ጨርቅ ድክመት አለው፤ ጎኑ ስለሚተጣጠፍ እንጨት ብትተክሉበት ይዘማል። ሦስት እንጨት ከላይ በገመድ አስሩ ወይም ገመዱን ከግድግዳ ወይም ከበረንዳው ብረት ጋር አገናኙት። በቆሎና የሚንሰራፋ ዱባን ለመሬት ተዉላቸው።

ለጨርቅ ከረጢት የተፈጠረ ካለ ግን ድንች ነው። የከረጢቱን ጠርዝ ወደ ውጭ እየጠቀለላችሁ አሳጥሩት። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አፈር አድርጉና ያጎነቆለ ድንች አስቀምጡ፣ ለ40 ሊትር ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሱት። ግንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጫፉን ትታችሁ አፈር ጨምሩ፣ ጥቅሉንም አንድ ዙር ፍቱ። ከረጢቱ እስኪሞላ እንዲሁ። ከፍታ በጨመራችሁ ቁጥር ድንች በድንች ላይ ይደራረባል የሚለውን ወሬ ግን አትመኑ። በተለይ ፈጥነው የሚደርሱት ዝርያዎች የሚያፈሩት መጀመሪያ ከተተከሉበት አካባቢ ነው። አፈር መጨመሩ ዋና ጥቅሙ ድንቹን ከብርሃን መሸፈን ነው። ብርሃን ያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሶላኒን የተባለ መርዝ መያዙንም ያመለክታል፤ አይበላም። ለዚህም ነው ለድንች ስስ ነጭ ከረጢት የማልጠቀመው፣ ብርሃን በጎን ይገባል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ውሃውን አቁሙ። ከዚያ መቆፈር የለም፤ ሸራ ዘርግቶ ከረጢቱን መገልበጥ ነው። ልጆች ካሉ ቤቱ ውስጥ ይህን ቀን እንዳታስመልጧቸው።

ስለ ተባይ ብዙ የምለው የለኝም። ክሽክሽ፣ ቅጠል የሚመጥጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ሲታይ በኃይለኛ ውሃ ማጠብ፣ ካልሄደ ለስላሳ የሳሙና ውሃ ከቅጠሉ ሥር መርጨት። ሙቀትና ድርቀት ሲበረታ ቀይ ሸረሪት የሚባለው በጣም ትንሽ ተባይ ይመጣል፤ ተክሉ ውሃ ሳይጠማው ከቆየ ጉዳቱ ያንሳል።

ወቅቱ ሲያልቅ አፈሩ አይጣልም። ሥሩን ለቀም አድርጋችሁ በአዲስ ኮምፖስት አድሱት። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ደበርጃን ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታቸውም የጋራ ነው። ቲማቲም የነበረበት አፈር ላይ ቀጥሎ ቅጠል ወይም ፎሶልያ ትከሉ። በበሽታ የሞተ ተክል የነበረበትን አፈር ግን ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት። ከረጢቱን ገልብጡ፣ አድርቁ፣ አራግፉ። እርጥብ እያለ ካጠፋችሁት ይሻግታል። ደርቆ ከፀሐይ ርቆ የተቀመጠ ወፍራም ጨርቅ ለተከታታይ ዓመታት ይመለስበታል።

ከማጠፌ በፊት እያንዳንዱን ከላይኛው ጠርዝ አካባቢ እቆነጥጠዋለሁ፣ ፀሐይ የሚበረታው እዚያ ነው። ክሩ ጣቴ ላይ ከቀረ ቲማቲም አይሸከምም፣ ግን ላዩን ቆርጬው ለሰላጣ የሚሆን አጭር ከረጢት ይወጣዋል። ታቹም ከተፈረፈረ፣ አፈር ውስጥ ሳይበታተን አስወግደዋለሁ፤ ፍርፋሪው ፕላስቲክ ነው።